ተኩላው ሲመለስ አኻያው ለምን አልተመለሰም? ስለ ቢቨርና ስለ አሜሪካ ወንዞች

ስለ የሎውስቶን ተኩላዎች ያልሰማ ብዙ ሰው አይኖርም። ታሪኩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይነገራል። አብዛኛው ክፍሉ ዋዮሚንግ ግዛት ውስጥ በሚገኘው በዚህ ብሔራዊ ፓርክ የመጨረሻዎቹ ተኩላዎች በ1926 ተገደሉ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ተኩላ ሲጠፋ ኤልክ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን በዛ። ኤልክ ሲበዛ የወንዝ ዳሩን አኻያ ሁሉ ጋጠው። በ1995 እና በ1996 ከካናዳ 31 ተኩላዎች መጥተው ተለቀቁ። ኤልኩ ቀነሰ፣ አኻያው አደገ፣ ወንዙም ዳነ።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። በከፊልም እውነት ነው። ኤልክ በእርግጥ ቀንሷል። ቦታ ቦታ ላይ አኻያው ቁመት ጨምሯል። ብዙ ጅረቶች ዳር ግን አኻያው ዛሬም ድንክ ነው። ተኩላው ከተመለሰ ይኸው 30 ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ ወንዙ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ብዙ ሰው የማያነሳው አንድ ሌላ እንስሳ አለ። እሱም ጅረት ላይ ግድብ የሚሠራው፣ የአይጥ ወገን የሆነው ቢቨር ነው።

የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2001 ጀምረው ለ20 ዓመት ያህል የዘለቀ ሙከራ አካሄዱ። በፓርኩ ሰሜናዊ ክፍል ባሉ ትንንሽ ጅረቶች ዳር ቦታ መረጡ። አንዳንዱን ኤልክ እንዳይገባ አጠሩት። አንዳንዱ ላይ የቢቨርን ሥራ የሚመስል ግድብ ሠሩ። አንዳንዱ ላይ አጥርም ግድብም አደረጉ። የቀረውን እንዳለ ተዉት። ከሁሉ በልጦ ያደገው አጥሩም ግድቡም ባለበት ቦታ ያለው አኻያ ነበር። ከኤልክ መጠበቅ ብቻውን አልበቃም። አኻያው ውሃ ጠምቶት ነበር።

ውሃው የት ሄደ? ወደ ታች ነው የሄደው። ኤልክ አኻያውን ሲጨርስበት ቢቨሩ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ግድቦቹን የሚጠግን አልነበረም። ፈረሱ። ውሃው ሲለቀቅ ፍጥነት አገኘና የራሱን መሬት እየቦረቦረ ጠለቀ። ጅረቱ በጠለቀ ቁጥር በዙሪያው ያለው የከርሰ ምድር ውሃም አብሮ ወረደ። የአኻያው ሥር ሊደርስበት አልቻለም። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለበት ሆነ። ቢቨር ያለ አኻያ አይኖርም። አኻያ ያለ ውሃ አይበቅልም። ውሃው ደግሞ ያለ ቢቨር አይቆምም። ተኩላ ይህን ቀለበት ብቻውን ሊሰብረው አይችልም። የተኩላው ድርሻ ስንት ነው በሚለው ላይ ሳይንቲስቶች ዛሬም ይከራከራሉ። ውሃው ካልተመለሰ የወንዝ ዳሩ እንደማይመለስ ግን እኔ ከዚህ ሙከራ በላይ አሳማኝ ነገር አላየሁም።

ለዚህ ነው ስለ ሰሜን አሜሪካ የዱር እንስሳትና መኖሪያቸው ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከድብና ከተኩላ በፊት ከቢቨር ቢጀምር የምለው። አብዛኛው እንስሳ የሚስማማውን ቦታ ፈልጎ ይኖራል። ቢቨር ግን ቦታውን ራሱ ይሠራል። ሌሎቹ እሱ በሠራው ቦታ መጥተው ይሰፍራሉ።

እንስሳው ምን ይመስላል? ቢቨር የአይጥ ወገን ነው። በሰሜን አሜሪካ ካሉት የአይጥ ወገኖች ሁሉ ትልቁ ሲሆን፣ በዓለም ደግሞ ከደቡብ አሜሪካው ካፒባራ ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። አንድ ለአቅመ ቢቨር የደረሰ ከ16 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። የፊት ጥርሶቹ ብርቱካናማ ናቸው። ቀለሙ የመጣው ጥርሱ ፊት ላይ ካለው ብረት ነው፤ ብረቱም ጥርሱን ያጠነክረዋል። ከኋላ በኩል ያለው የጥርሱ ክፍል ለስለስ ስለሚል ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ እንጨት በገዘገዘ ቁጥር ጥርሱ ይሳላል እንጂ አይዶለዱምም። ደግሞም ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል።

ሌላው አካሉም ለውሃ የተዘጋጀ ነው። ሲጠልቅ አፍንጫውና ጆሮው ይዘጋሉ። ዓይኑ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን ይወርዳል። ከንፈሩ ከፊት ጥርሶቹ በስተኋላ ስለሚገጥም ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ ሳይታነቅ፣ ቅርንጫፍ መቁረጥ ይችላል። እስከ 15 ደቂቃ ድረስ ሳይተነፍስ ይቆያል። ጠፍጣፋው ጭራው ላይ ለብርዱ ወራት የሚሆን ስብ ያስቀምጣል። አደጋ ሲያይ ደግሞ ውሃውን በጭራው በኃይል ይመታል፤ ድምፁን የሰማ ቤተሰብ ሁሉ ወዲያው ይጠልቃል።

ብዙ ሰው ቢቨር ዓሣ ይበላል ይላል። አይበላም። ምግቡ ሣር፣ ቅጠል፣ የውሃ ተክል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከዛፍ ቅርፊት ሥር ያለው ለስላሳ ሽፋን ነው። አኻያና አስፐን የሚባለውን ዛፍ ይወዳል።

ታዲያ ለምን ይገድባል? ፍርሃት ነው ዋናው ምክንያት። ቢቨር መሬት ላይ ቀርፋፋ ነው። ተኩላ፣ ድብ፣ ኮዮት የሚባለው የቀበሮ ዘመድና ኩጋር የሚባለው ትልቅ የዱር ድመት ይበሉታል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን የሚደርስበት የለም። ስለዚህ ውሃውን ወደ ምግቡ ያመጣዋል። ኩሬው በሰፋ ቁጥር ከውሃ ብዙ ሳይርቅ ብዙ ዛፍ ይደርሳል። በቂ ካልሆነ ደግሞ ከኩሬው ወደ ጫካው ቦይ ይቆፍርና የቆረጠውን እንጨት በቦዩ እያንሳፈፈ ያመጣል።

ግድቡ ሲሠራ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የሚያስተውለው ጥድፊያ የሌለበት ሥራ መሆኑን ነው። ሥራው የሚጀምረው አመሻሽ ላይ ነው። ቢቨሩ ቅርንጫፉን በጥርሱ ይዞ እየዋኘ ይመጣል። ወፍራሙን ጫፍ ወደ ጅረቱ ወለል ይሰካዋል። ድንጋይ ያስደግፈዋል። ከዚያ ይጠልቅና ከታች ጭቃ ያፍሳል። ጭቃውን በፊት እግሮቹ ደረቱ ላይ አቅፎ ይወጣል። ውሃ በሚያሾልክበት በኩል ይጠቀጥቀዋል። ተመልሶ ይሄዳል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው።

ቀዳዳው የት እንዳለ በምን ያውቃል? አንዱ ምልክቱ ድምፅ ነው። ላርስ ዊልሶን የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ የቢቨሩን የአውሮፓ ዘመድ ሲያጠና የሚፈስ ውሃ ድምፅ በድምፅ ማጉያ አሰማቸው። ቢቨሮቹ ውሃ በሌለበት፣ ድምፅ ማጉያው ባለበት ቦታ ላይ እንጨትና ጭቃ መከመር ጀመሩ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

ጎጆው ለብቻው ነው የሚሠራው። ከውጭ ሲታይ የእንጨትና የጭቃ ክምር ነው። በሩ ከውሃ በታች ነው፤ መኝታው ግን ከውሃው ከፍ ብሎ ደረቅ ነው። በካናዳ ብርድ ኩሬው ከላይ ይጋገራል። ግድቡ ውሃውን ጥልቅ ስላደረገው ግን እስከ ወለሉ አይጋገርም። ቢቨር ክረምቱን አይተኛም። በመከር ወራት የቆረጣቸውን ቅርንጫፎች ከጎጆው አጠገብ ውሃ ውስጥ አከማችቷል። በበረዶው ሥር ዋኝቶ አንድ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ጎጆው ውስጥ ቅርፊቱን ይበላል፣ ልጡን እንጨት ለጥገና ያስቀምጣል። አባትና እናት፣ የዘንድሮ ግልገሎችና የአምና ልጆች አንድ ላይ ይከርማሉ። ልጅ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላው ቤቱን ለቆ የራሱን ጅረት ፍለጋ ይሄዳል።

አሁን ወደ ውሃው እንመለስ። ግድብ ያረፈበት ጅረት መሮጡን ያቆማል። ውሃው ወደ ጎን ይሰፋል፣ ወደ መሬት ይሰርጋል። የያዘው ደለል ይረጋል። የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ይላል። በዝናብ ጊዜ ጎርፉ ይቀንሳል፤ በበጋ ደግሞ የተቀመጠው ውሃ ቀስ እያለ ይወጣል። አገር ቤት በቦረቦር መሬት ላይ የእንጨት ወይም የድንጋይ ክትር ሲሠራ ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። ክትሩ ጎርፉን ያበርዳል፣ አፈሩን ይይዛል፣ ከጊዜ በኋላ ቦረቦሩ ይሞላል። ልዩነቱ ቢቨሩ በየሌሊቱ መጠገኑ ነው።

ኩሬው ሲሞላ አንዳንድ ዛፎች ሥራቸው ውሃ ስለሚውጠው ይሞታሉ። ለሰው ዓይን ጥፋት ይመስላል። ግን የሞተው ዛፍ ላይ ግንደ ቆርቁር ይመጣል፣ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል። ግንደ ቆርቁሩ ሲለቅ ዛፍ ላይ የሚፈለፍሉ ዳክዬዎች ይገቡበታል። ጥልቀት በሌለው ዳር እንቁራሪት እንቁላሏን ትጥላለች። ሙስ የሚባለው ከአጋዘን ወገን ሁሉ ትልቁ እንስሳ እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ የውሃ ተክል ይበላል። የውሃ ነፍሳት ሲበዙ የሌሊት ወፎች ኩሬው ላይ ያድናሉ።

ይህም ለዘላለም አይደለም። ቢቨሩ በአቅራቢያው ያለውን ዛፍ ሲጨርስ ወይም ኩሬው በደለል ሲሞላ ትቶት ይሄዳል። ግድቡ ይፈርሳል፣ ውሃው ይወርዳል። ሥር የነበረው ደለል ለም ስለሆነ ሜዳው ሣር ይለብሳል። አጋዘኑና ኤልኩ ይግጡታል። ውሎ አድሮ አኻያው ይመለሳል፤ እሱን ተከትሎ ሌላ ቢቨር ይመጣል። አኻያና አስፐን ሲቆረጡ ከጉቶአቸው ወይም ከሥራቸው እንደገና ያቆጠቁጣሉ። ከቢቨር ጋር ለብዙ ሺህ ዓመታት ኖረው ለምደውታል።

አውሮፓውያን ወደ ሰሜን አሜሪካ ከመምጣታቸው በፊት ስንት ቢቨር እንደነበር ግምቱ ሰፊ ነው። ከ60 ሚሊዮን እስከ 400 ሚሊዮን ይደርሳል። ትንሹን ቁጥር ብንወስድ እንኳ አህጉሩ ግድብ በግድብ ነበር ማለት ነው። ከዚያ የባርኔጣ ፋሽን መጣ። የቢቨር የውስጥ ፀጉር ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ተጠቅጥቆ ውሃ የማያስገባ ጠንካራ ባርኔጣ ይወጣዋል። የአውሮፓ ጌቶች ያንን ይፈልጉ ነበር። ሃድሰንስ ቤይ የተባለው ኩባንያ በ1670 በእንግሊዝ ንጉሥ ቻርተር ተቋቁሞ ይህን ንግድ ያዘ። በ1820ዎቹ ኩባንያው በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ በስኔክ ወንዝ አገር አሜሪካውያን አዳኞች እንዳይመጡበት ሲል ቢቨሩን ሆን ብሎ አሟጥጦ እንዲታደን አደረገ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ በመላው አህጉር የቀረው ወደ 100 ሺህ ብቻ እንደነበር ይገመታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ሰፋሪዎች መጥተው መሬቱን ሲለኩና ካርታ ሲያነሱ ቢቨሩ ብዙ ቦታ ላይ አልቋል። ያዩት ወንዝ ቀጥ ብሎ በአንድ ቦይ የሚፈስ፣ ዳርቻው የተቆረጠ ወንዝ ነው። ተፈጥሯዊ ወንዝ ማለት ይህ ነው ብለው ተቀበሉት። መሐንዲሱም፣ ገበሬውም፣ ሥዕል ሠሪውም። ከዚያ በፊት የነበረው ወንዝ ግን ኩሬ፣ ረግረግ፣ ብዙ ቅርንጫፍ ያለውና የተዝረከረከ ነበር። የዛሬውን ንጹሕ የሚመስል ጅረት ስናይ የምናየው ጉዳትን ሊሆን ይችላል።

የነበረውን የሚያውቁም ነበሩ። በደረቁ የሰሜን ሜዳ የሚኖሩት ብላክፉት የተባሉት ሕዝቦች ቢቨርን መግደል አይወዱም ነበር። ጎሽ ያድኑ ነበር፤ ጎሹ የሚጠጣው ውሃ ያለው ግን ቢቨሩ በገደበው ቦታ እንደሆነ ያውቁ ነበር። የፀጉር ነጋዴዎች ቢቨር አምጡልን ብለው ቢወተውቷቸውም ለረጅም ጊዜ ገፍተው አልገቡበትም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አደኑ ሲገደብ ቢቨሩ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሰውም ረዳው፤ አንዳንዴ በጣም በሚያስገርም መንገድ። በ1948 የአይዳሆ ግዛት የዱር እንስሳት ሠራተኞች 76 ቢቨሮችን በሳጥን አድርገው ከአውሮፕላን በፓራሹት ወደ ተራራማ ጫካ አወረዱ። ሳጥኑ መሬት ሲነካ ይከፈታል። ከአንዱ በቀር ሁሉም በሰላም ደረሱ። ዛሬ በአህጉሩ ከ10 እስከ 15 ሚሊዮን ቢቨር እንዳለ ይገመታል። በካናዳ አልበርታ በዉድ ባፋሎ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው አንድ ግድባቸው ከ750 ሜትር በላይ ይረዝማል። በ2007 የተገኘው በሳተላይት ምስል ነው።

ስለ ሰደድ እሳት የተገኘው ግን እኔን ከሁሉም በላይ የነካኝ ነው። ኤሚሊ ፌርፋክስ የተባለች ተመራማሪ በምዕራብ አሜሪካ የደረሱ አምስት ትልልቅ ቃጠሎዎችን በሳተላይት ምስል መረመረች። ጥናቱ የወጣው በ2020 ነው። ቢቨር የሌለበት የወንዝ ዳር ተክል የደረሰበት ጉዳት ቢቨር ካለበት በሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጥ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እርጥብ መሬት በቀላሉ አይነድም። ዙሪያው ከሰል ሲሆን የቢቨሩ ሰፈር ለምለም ሆኖ ይታያል። መሸሽ የማይችሉ ትንንሽ እንስሳትም እዚያ ይተርፋሉ።

ዓሣስ? ለረጅም ጊዜ የቢቨር ግድብ ለሳልመን እንቅፋት ነው ተብሎ ይፈርስ ነበር። በኦሪገን ግዛት ብሪጅ ክሪክ የሚባል ጅረት ላይ ግን ተቃራኒው ታየ። ተመራማሪዎች ችካል እየተከሉ ቢቨሮቹ ግድባቸውን እንዲያጸኑበት ረዷቸው። ስቲልሄድ የሚባለው፣ ወደ ባሕር ሄዶ የሚመለስ የትራውት ዓይነት፣ ጫጩቶቹ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በግማሽ ያህል ጨመረ። ትልልቆቹም ግድቡን እያለፉ ወጡ።

ይህ ሁሉ ግን ቢቨር የትም ቢሄድ በጎ ነው ማለት አይደለም። በ1946 የአርጀንቲና መንግሥት የፀጉር ንግድ ለመጀመር 20 ቢቨሮችን ከካናዳ አስመጥቶ በአገሪቱ ደቡብ ጫፍ ቲዬራ ዴል ፉዬጎ ላይ ለቀቀ። እዚያ ተኩላና ድብ የለም። ዛፎቹም ከጉቶ የማያቆጠቁጡ ናቸው። ውሃ የዋጠው ጫካ ሞቶ ቀረ። ዛሬ ወደ 100 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል፤ ወደ ቺሊም ተሻግረዋል። ያው እንስሳ፣ ያው ጥርስ ነው። የጠፋው ከእሱ ጋር አብሮ ያደገው አገር ነው። በአላስካ ደግሞ ብርዱ እየላላ ሲሄድ ቢቨር ዛፍ ወደሌለበት ሰሜን እየገባ ነው። በምዕራብ አላስካ ከ11 ሺህ በላይ ኩሬዎች በሳተላይት ተቆጥረዋል፤ ቁጥራቸውም በ20 ዓመት ገደማ ውስጥ በእጥፍ አድጓል። ኩሬው ሙቀት ስለሚይዝ ከሥሩ ያለውን ለዘመናት በረዶ ሆኖ የኖረ አፈር ያቀልጠዋል። በአካባቢው ያሉ ነዋሪዎች ለመጠጥ ውሃቸውና ለዓሣቸው ይሰጋሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው።

ከተማ ውስጥም ጠብ አለ። በ1999 በዋሽንግተን ዲሲ፣ የቼሪ አበባ በሚፈካበት ወር፣ ቢቨሮች ታይዳል ቤዚን በሚባለው ሰው ሠራሽ ኩሬ ዳር ያሉትን የታወቁ የቼሪ ዛፎች መቁረጥ ጀመሩ። ተይዘው ወደ ሌላ ቦታ ተወሰዱ። በየገጠሩ መንገድ ሥር ያለውን የውሃ ቱቦ ይደፍናሉ፣ እርሻ ያጥለቀልቃሉ፣ ምድር ቤት ውሃ ያስገባሉ። ጉዳት የደረሰበትን ሰው ስለ ተፈጥሮ በመስበክ ማጽናናት አይቻልም። መፍትሔ ያስፈልገዋል።

መፍትሔውም አለ። ቢቨሩን ማስወጣት ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ቦታው ጥሩ ከሆነ ዓመት ሳይሞላ ሌላ ይመጣል። ግድቡን ማፍረስም አይሠራም፤ በአንድ ሌሊት ይጠገናል። የሚሠራው ቱቦ ነው። በግድቡ መሃል ረጅም ቱቦ ያልፋል። የቱቦው አፍ ከግድቡ ራቅ ብሎ በኩሬው ውስጥ ይቀመጥና በሽቦ ቅርጫት ይከበባል። ውሃው የሚገባው በዝግታ ነው። ያዙልኝ ያልኩት የድምፅ ነገር እዚህ ጋ ይገባል። ቢቨሩ የሚፈስ ውሃ አይሰማም፤ ስለዚህ ቀዳዳ መኖሩን አያውቅም። ውሃው ከተፈለገው በላይ አይነሳም፤ ቢቨሩም በቦታው ይኖራል። የካሊፎርኒያዋ ማርቲኔዝ ከተማ በ2007 መሃል ከተማ የገቡትን ቢቨሮች ለማስወገድ ስታስብ ነዋሪው ተነሳ፤ በመጨረሻ ቱቦ ተገጠመና ቢቨሮቹ ቀሩ። ዛፍን ለማዳን ደግሞ ግንዱን በጠንካራ የሽቦ መረብ መክበብ ይበቃል።

ያው ካሊፎርኒያ በጥቅምት 2023 ሰባት ቢቨሮችን፣ አንድ ቤተሰብ፣ የማይዱ ሕዝብ ታስማም ኮዮም ብሎ በሚጠራው ሸለቆ ለቀቀች። ግዛቲቱ ቢቨር እንዲህ ስትለቅ ከ70 ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። ሸለቆው የጥንት አገሩ ለሆነው ለማይዱ ሕዝብ የተመለሰ መሬት ነው።

በዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ አካባቢ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። አሌክሳንድሪያ አጠገብ ሀንትሊ ሜዶስ የሚባል ፓርክ አለ። መግቢያው ነፃ ነው። በረግረጉ ላይ የእንጨት መሄጃ ተሠርቷል፤ ልጅ በጋሪ ይዞ መሄድ ይቻላል። አመሻሽ ላይ ሂዱ፤ ቀን ላይ ቢቨር ማግኘት ይከብዳል። ቢቨሩ ባይታይ እንኳ ሥራውን ፈልጉ። ጫፉ የሾለ ጉቶ፣ ቅርፊቱ የተላጠ ነጭ እንጨት፣ በጭቃ የተለሰነ ግድብ። የግድቡን ሁለት ጎን ደግሞ አወዳድሩ። በላይ በኩል ያለው ውሃ በታች በኩል ካለው በስንት እንደሚበልጥ ልጆቹን ጠይቋቸው።